የእህቴን እቁብ ያስበላ ዘገባ

ውድ አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ እስር ቤት ወንበዴ ቡድኖችና ስለ ይግባኛቸው ያወጣችሁትን ዘገባ አንብቤያለሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ አበሻ ሁሉ በቴሌግራም ተቀባብሎታል። ሌላ ሌላውን ልተወው። አንዷን ዓረፍተ ነገር ግን ማለፍ አቃተኝ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ምስክሮቹን መልሶ ጠርቶ ጉዳዩን ከሥር ከመሠረቱ ይሰማል ያላችሁትን።

የት ነው የሚሰማው? የሜሪላንድ የፌዴራል ይግባኝ የሚሄደው ቨርጂኒያ፣ ሪችመንድ ወዳለው የአራተኛው ሰርኪት ፍርድ ቤት ነው። እዚያ ጁሪ፣ ማለትም ከሕዝብ ተመርጦ ጥፋተኛ ወይም ነፃ የሚል ሸንጎ፣ የለም። ምስክር የሚቆምበት ቦታም የለም። ሦስት ዳኞች ከታች የመጣውን መዝገብና የጠበቆቹን የጽሑፍ ክርክር ያነባሉ። ካስፈለጋቸው ጠበቆቹን ለጥቂት ደቂቃ ያፋጥጣሉ። አለቀ። «ማስረጃው አይበቃም» የሚል ይግባኝ ሲቀርብላቸውም፣ እኛ ብንሆን እንፈርድበት ነበር ወይ ብለው አይጠይቁም። ማስረጃው ለዐቃቤ ሕግ አድልቶ ታይቶ፣ አንድ አስተዋይ ጁሪ ጥፋተኛ ሊለው ይችል ነበር ወይ ነው ጥያቄው። ይህ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ የቆመ መለኪያ ነው። አዲስ ነገር አልነገርኳችሁም።

የባልቲሞሩን እስር ቤት በምሳሌነት ማንሳታችሁ ጥሩ ነበር። 44 ሰው ተከሶ፣ ከግማሽ በላዩ ጠባቂ ነበር። ስልክና ዕፅ ወደ ውስጥ የሚያስገቡት እነሱ ናቸው ተብሎ። 35ቱ ጥፋተኛ ነን ብለው ፈረሙ። መሪ የተባለው ታቮን ኋይትም ፈርሞ ለመንግሥት ምስክር ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2015 ጁሪ ፊት ከቀረቡት 8 ሰዎች 5ቱ ጥፋተኛ፣ 3ቱ ነፃ ተባሉ። እዚህ ድረስ ደህና። ከዚያ ግን ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ ብሎ ነፃ የወጡትን ሊመልሳቸው ይችል ነበር ትላላችሁ።

ዘጋቢያችሁ ሰውነቱ አሜሪካ፣ ሐሳቡ ልደታ ችሎት ነው! አዎ፣ እኛ አገር ይቻላል። የዞን 9 ጦማሪያን በ2008 ዓ.ም. ነፃ ከተባሉ በኋላ ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ ብሎባቸዋል። እዚህ አገር ግን ጁሪ ነፃ ነህ ያለውን ሰው ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ ብሎ አያስመልሰውም። በአንድ ክስ ሁለት ጊዜ መክሰስን ሕገ መንግሥቱ ይከለክላል። ይህን ለማወቅ ጠበቃ መሆን አያስፈልግም፤ አንድ ስልክ መደወል ይበቃል።

ለምን ይህን ያህል ተናደድክ ትሉኝ ይሆናል። የእህቴ ልጅ በሌላ መዝገብ እንዲህ ባለ ክስ ታስሯል። ፈርሞ ነው የገባው። የፈረመው ወረቀት ላይ የይግባኝ መብቴን ትቻለሁ የሚል አንቀጽ አለ። ከገጹ ግርጌ የስሙን የመጀመሪያ ፊደላት በሰማያዊ እስክሪብቶ ጽፎበታል። እህቴ ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልላ ከግሪን ካርዱ ጋር መሳቢያ ውስጥ አስቀምጣዋለች። እንግሊዝኛው ለእሷ ከባድ ነው። የእናንተ አማርኛ ግን ቀለላት። አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ ባይ ቤቷ መጥቶ፣ ስልኩን አውጥቶ ዘገባችሁን አሳያት። «ይኸው ጋዜጣም ላይ ወጥቷል'ኮ እትዬ፣ እንደገና ይታያል» አላት። የእቁብ ዕጣዋን ቆጥራ ሰጠችው። የይግባኝ ማስታወቂያ የሚገባው ፍርዱ በተመዘገበ በ14 ቀን ውስጥ መሆኑን አልነገራትም። የልጁ ቀን ካለፈ ቆይቷል። እናንተም አልነገራችኋት።

ደግሞ «በእጁ አንድም ወንጀል ሳይፈጽም» የተፈረደበት ሰው ይግባኙ እንደሚሳካለት እርግጠኛ ሆናችሁ ጽፋችኋል። ከየት አመጣችሁት? ቴክሳስ፣ ሂዳልጎ ካውንቲ ውስጥ ሳሊናስ የሚባል የሸሪፍ ምክትል ነበር። ሸሪፉ ከአንድ እስረኛ ብር እየተቀበለ፣ እስረኛው ከሚስቱና ከሴት ጓደኛው ጋር ብቻውን እንዲገናኝ ይፈቅድለታል። ሳሊናስ በር ላይ ይጠብቃል። ለእሱ የደረሰው ሰዓትና ፒክአፕ መኪና ነው። ጁሪው ከዋናው የሪኮ ክስ (ሪኮ በተደራጀ ወንጀል ላይ የወጣው የፌዴራል ሕግ ነው) ነፃ አለው፤ በማሴሩ ግን ጥፋተኛ አለው። ልክ እንደ እናንተ ተከራከረ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1997 በሙሉ ድምፅ መለሰለት፦ ለማሴር ክስ ወንጀሎቹን ራስህ መፈጸም የለብህም፤ ዕቅዱን አውቀህ እንዲሳካ መስማማትህ ይበቃል። ሕጉ መረቡ ሰፊ ነው። እኔም አልወደውም። ግን ያለው እሱ ነው።

ይግባኝ ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም። ዳኛው ለጁሪው ሕጉን አጣሞ ካስረዳ፣ መግባት የሌለበት ማስረጃ ከገባ፣ የቅጣቱ ስሌት ከተሳሳተ ፍርድ ይሻራል ወይም ቅጣት እንደገና ይሰላል። እሱን ጻፉ እንጂ! ለመሆኑ እኛንስ የት ጣላችሁን? በአማርኛ ለአበሻ እየጻፋችሁ ስለ ግሪን ካርድ አንዲት መስመር የለም። ዜጋ ላልሆነ ሰው የሪኮ ጥፋተኝነት፣ እስራቱን ከጨረሰ በኋላ ከአገር የሚያስባርር ነው። ጠበቃው ይህን ከመፈረሙ በፊት ሊነግረው ይገባ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2010 እንዲህ ብሏል። ጠበቃው ካልነገረው ደግሞ አቤቱታው አብዛኛውን ጊዜ በይግባኝ ሳይሆን የፈረደበት ፍርድ ቤት ተመልሶ ነው የሚቀርበው፤ ለዚያም በመደበኛው የአንድ ዓመት ገደብ አለ። የእኛ ልጅ ጠበቃ ትንፍሽ አላለም። እህቴ ይህን ብታነብ ኖሮ ገንዘቧን ለማን እንደምትሰጥ ታውቅ ነበር።

ማረሚያ ካወጣችሁ ርዕሱን በዚያው በዘገባችሁ ርዕስ መጠን አድርጉት። እህቴ ደቃቅ ጽሑፍ አታነብም።

አንባቢያችሁ፣ ከሜሪላንድ