የእንጦጦና የድሬ የድሮ ካርታዎች ለሕዝብ ይከፈቱ

ለስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት
አዲስ አበባ

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ የኢንስቲትዩቱ ኃላፊዎች፤

የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ጠረጴዛዬ ላይ በ1፡50,000 ስኬል የተሠራ የወረቀት ካርታ ተዘርግቷል። ማጠፊያው ተቀዶ በፕላስተር ተለጥፏል። ቡናማዎቹ የኮንቱር መስመሮች (እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኙት) እንጦጦ ወገብ ላይ ሲደርሱ ይጠጋጋሉ፤ ከመካከላቸው ቀጫጭን ሰማያዊ መስመሮች ወደ ቀበና ይወርዳሉ።

ባለፈው ክረምት ከተማሪዎቼ ጋር ችግኝ ልንተክል ወጥተን፣ ካርታው ላይ ያለ አንድ ምንጭ ፈለግን። የምንጩን መገኛ ቁጥር ከካርታው አንብበን ስልክ ውስጥ አስገባን። ስልኩ ወስዶ ያቆመን ባሕር ዛፍ መሃል፣ ደረቅ መሬት ላይ ነው። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናት አይተውን፣ «ልጆቼ፣ ምንጩ እኮ ከዚህ ከፍ ብሎ ነው» አሉን። እውነታቸውን ነበር። የድሮዎቹ ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው፣ የቦታ መገኛ ቁጥሮች በሚሰሉበት መነሻ ልኬት ነው፤ ስልኮቻችን የሚጠቀሙት ሌላ ነው። በሁለቱ መካከል ወደ ሰሜን 200 ሜትር ገደማ፣ ወደ ምሥራቅ ደግሞ ወደ 90 ሜትር ልዩነት አለ። ይህን የማያውቅ ሰው ካርታው ተሳስቷል ብሎ ይጥለዋል።

የድሬ ግድብ ነገር ደግሞ ይበልጥ ያሳስበኛል። ግድቡ ያለቀው በ1991 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የታተመ ካርታ ዛሬ ውኃ የተኛበትን ሸለቆ ከነወንዙ ያሳያል። በኮንቱር መስመሮቹ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት 20 ሜትር ስለሆነ የደለሉን መጠን በእሱ ብቻ መለካት አይቻልም። የሸለቆውን ቅርጽና ጎርፍ የሚገባባቸውን ገባሮች ግን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። አዲስ አበባ የምትጠጣው ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ጭምር ነው፤ ተፋሰሱን የሚጠብቅ ሰው መሬቱ ቀድሞ ምን ይመስል እንደነበር ማየት አለበት። ባሕር ዛፉን በጽድና በወይራ ለመተካት የሚደክሙትም እንዲሁ።

ስለዚህ የምለምናችሁ፣ የእነዚህን አካባቢዎች የቀድሞ እትሞች በጥራት ስካን አድርጋችሁ ማንም በነፃ እንዲያወርዳቸው እንድትፈቅዱ ነው። የታተሙበት ዓመት፣ የአየር ፎቶው የተነሣበት ዓመትና የአዲንዳን ማስተካከያው በአማርኛ አብሮ ይጻፍ። የቀድሞ ባለሙያዎች ተራራ ለተራራ ተንከራትተው የሠሩት ነው፤ ወረቀቱ ደግሞ ዕድሜ የለውም።

እኔ ያለኝን ካርታ ለስካን ይዤ እመጣለሁ። ተማሪዎቼም የቦታ ስሞችን በመመዝገብ ሊያግዟችሁ ዝግጁ ናቸው።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የጂኦግራፊ መምህር