ለጋሼ፣ ከደብረ ማርቆስ

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሚኪ የፊት ጥርሱ ወልቆ ጣሪያ ላይ ወረወረው። «አዲሱ ሳይበቅል ጋሼ ይመጣሉ?» ይለኛል። ዝም አልሁት።

ማክሰኞ የኩላሊት እጥበቱ ከብዶዎት ዋለ አሉ። ወንድሜ ስደውል «ደህና ናቸው» ብቻ ነው የሚለኝ። ውሃ ከተፈቀደው በላይ እንዳይጠጡ አደራ።

ክረምቱ ሳይገባ ብዬ የወረቀት ጓዳዎን ከፈትሁት። ጣሪያው በአንድ ጥግ ያፈስሳል፤ ሁለት ካርቶን ሻግቷል፣ የቀረው ደህና ነው። የመዛግብት ባለሙያ አማከርሁ። «ባለቤቱ ያስቀመጠበትን ቅደም ተከተል እንዳትነኪ፣ የዛገውን አግራፍ ግን ንቀይ» አለኝ። ሦስት ቀን ሙሉ አግራፍ ስነቅል ጣቴ ተላጠ።

የ1960ው ዓመፅ ደብተሮች ተርፈዋል። በእርሻ ገቢ ግብሩ ሰበብ ሞጣና ቢቸና የተነሡት፣ አውሮፕላን ቦምብ የጣለባቸው፣ በኋላም አገረ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ከጎጃም የተነሡላቸው ገበሬዎች ቃል በእርሳስ ተጽፏል፤ ስማቸው ከነአጥቢያቸው። ልጆቻቸው እዚሁ አሉ። አንዳንዱ የተናገረው በጎረቤቱ ላይ ነው። ይህ ሳጥን ስንት ዓመት ታሽጎ ይቆይ? ይህን የሚወስኑት እርስዎ ነዎት። ሌላው ደግሞ፣ ስድስት ኪሎ ለኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ይሰጥ ወይስ እዚሁ ለደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ? እኔን ከጠየቁኝ፣ የሞጣ ሰው ቃል አባይን ተሻግሮ ሲቀር ደስ አይለኝም። የሞጣ ልጅ ስድስት ኪሎ ድረስ ሄዶ ነው የአያቱን ቃል የሚያነበው?

በ1985 ከማስተማር ያሰናበቱዎት ደብዳቤም አለ። የ1997 ምርጫ ክርክር ማስታወሻዎችም አሉ፣ የፓርቲው ቃለ ጉባኤም። ለሚኒስትሩ፣ ለዲኑ፣ ለጋዜጣ አዘጋጁ የጻፉት ሁሉ ካርቦን ኮፒው ተቀምጧል። አንድም አልጠፋም። እንዲህ ስላስቀመጡት አመሰግናለሁ።

ከዚያ «ልዩ ልዩ» የሚለውን ፋይል ከፈትሁ።

በ1998 እስር ቤት ሳሉ የላክሁልዎ ደብዳቤ እዚያ ነው፤ ከውሃ ቆጣሪ ደረሰኝና ከመጽሔት ክፍያ መሃል። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። «ጋሼ ናፈኩኝ» ብዬ ጽፌያለሁ። «ኩ»ን በቀይ ሰርዘው «ቁ» አድርገውታል። ሁለተኛው መስመር ላይ ሁለት ነጥብ ጎድሎኝ ኖሮ አስገብተዋል። ከታች ፊርማ የለ፣ መልስ የለ። ገልብጬም አየሁ፤ ጀርባው ባዶ ነው።

እማማ «ወረቀት አያገኙም ይሆናል» ትለኝ ነበር። እኔም ሃያ ወር ሙሉ እሱን አምኜ ኖርሁ። አሁን ግን በዚያው ወራት የተጻፉ አሥራ አራት ገጾች በእጄ ናቸው፤ ስለ ምርጫ ሥርዓት፣ በቁጥር የተከፋፈሉ። ቀይ እስክሪብቶ እንኳ ነበረዎት።

ይህን ዛሬ፣ በእጥበት በደከሙበት ሰዓት መጻፌ አይገባም ነበር። ግን መቼ ልጻፈው?

ባለሙያው እንዳለኝ ከሆነ ደብዳቤዬ «ልዩ ልዩ» ውስጥ ሆኖ ይሄዳል። ወይ ላውጣው፣ ወይ ልተወው፤ እርስዎ ይንገሩኝ። በስልክ አይሁን፣ ወንድሜም አይንገረኝ። በእጅዎ ይጻፉልኝ። ሁለት መስመር ይበቃል።

የጓዳው ቁልፍ እኔ ጋ ነው። ቆርቆሮውን ሐሙስ ሰው ይጠግነዋል።

ልጅዎ