ድሬን ስትስሉ ደቻቱንም ሳሉልን

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

የጥበብ ዓምዳችሁን ሳላነብ አላልፍም። ይህን የምጽፈው ለእናንተም፣ የትውልድ ከተማቸውን ለሚስሉ ልጆችም ነው። የድሬዳዋ ልጅ ነኝ፣ አሁን የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ስለ ድሬ የተሳለ ነገር አለ ከተባለ ሄጄ አያለሁ፣ ደስም ይለኛል። ግን ሁሌ የማየው ያው ነው፤ የባቡር ጣቢያው ለገሃር ፊት ለፊት፣ የከዚራ ሰፈር ዛፎች፣ አንድ ጋሪ። ያምራል፣ አልካድኩም። ድሬ ግን ይህች ብቻ አይደለችም።

ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ ሐረር ይገባል ነበር የተባለው። ተራራው አላስወጣ ሲል በ1895 ዓ.ም. እታች ሜዳው ላይ ደረሰ፣ ከተማዋም እዚያው በቀለች። ከዚራን ፈረንሳዮቹ ቀጥ ባለ መንገድና በዛፍ ሠሩት። ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ያለው የመጋላ ሰፈር በራሱ መንገድ አደገ፤ ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ ሐረሪው፣ አማራው፣ ጉራጌው፣ ዓረቡ ጎረቤት ሆኖ፣ አንድ ወሬ በሦስት ቋንቋ እያወራ። ታዲያ ለምን ሥዕሉ ሁሉ ከዚራ ይቀራል? ቀፊራ ገበያን ሳሉ እንጂ። ከጅቡቲ በሚመጣው ባቡር ጨርቅ ወገባቸው ላይ ጠምጥመው ልጅ ያሳደጉ እናቶችን ሳሉ። የእነሱና የጉምሩክ ፈታሹ ፊት ብቻውን አንድ ኤግዚቢሽን ይወጣዋል።

ደቻቱንም ሳሉ። አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው። በ1998 ክረምት ግን ሌሊት፣ ሰው በተኛበት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። ይህን ዘልሎ ስለ ድሬ ትዝታ ማውራት እኔ አይሆንልኝም። «ሐዘኑን ምን ያደርግልናል፣ ደስ የሚለውን አስታውሱን» የሚሉ አሉ፤ አልስማማም። ሰው የሚናፍቀው ያጣው ነገር ስላለ ነው፣ ያጣነው ካልታየ ሥዕሉ ፖስትካርድ ሆኖ ይቀራል።

በነገራችን ላይ አካባቢን መሳል ለድሬ አገር አዲስ ነገር አይደለም። ከከተማው ወጣ ብሎ ለጋ ኦዳ ላይ የጥንት ሰዎች ከብቶቻቸውን ዓለት ላይ በቀለም ስለው ሄደዋል። የሳሉት የኖሩበትን ነው።

አሁን የሚያስጨንቀኝ የባቡሩ ሰዎች ጉዳይ ነው። አዲሱ ባቡር በ2009 ሲመረቅ ጣቢያው ከከተማ ውጭ ሆነ። አሮጌው ባቡር ላይ የሠሩ መካኒኮችና ሾፌሮች እያረጁ ነው፣ በየጊዜውም አንዱ መሞቱን እንሰማለን። ብሩሽ ከማንሳታችሁ በፊት ከእነሱ ጋር ቁጭ በሉ። ቀትር ላይ ሙቀቱ በርትቶ ሱቁ ሲዘጋ፣ ሰው ጥላ ይዞ ሲቀመጥ ሂዱ፤ ያን ጊዜ ነው ጨዋታው የሚመጣው። እጃቸውን እዩ፣ የትኛው ማሽን የት እንደቆመ ጠይቋቸው፣ ስለ ደሞዝና ስለ አድማም ይንገሯችሁ።

ለእናንተ ለአዘጋጆቹ አንድ ጥያቄ አለኝ። በየሳምንቱ ሩብ ገጽ ለአንባቢ የቤተሰብ ፎቶ ብትሰጡስ? ከሥሩ ማን እንደሆነ፣ የት እንደተነሳ፣ ያ ቦታ ዛሬ ምን እንደሆነ ሁለት ሦስት መስመር ይጻፍበት። ሠዓሊውም መነሻ ያገኛል። የደሴም፣ የጎሬም፣ የጂማም ልጅ ይላክ፣ ለድሬ ብቻ አይሁን። ፈቃደኛ ከሆናችሁ የእኛን ቤት አልበም እኔ ራሴ ቢሮአችሁ ድረስ አመጣለሁ።

አክባሪ አንባቢያችሁ፣
ከአዲስ አበባ