ሊድቪል ለምትወጣው ልጄ

የኔ እናት፣

ቅዳሜ ለተራራ ሳይክል ካምፑ ሊድቪል ሳደርስሽ መኪና ውስጥ ልነግርሽ ብሞክር ግማሹን እረሳዋለሁ። ካምፑ ያለበት ጫካ ውስጥ ደግሞ ስልክ እንደ ልብ አይሰራም ተብለናል። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። ቦርሳሽ ውስጥ ከዝናብ ልብሱ ስር ታገኚዋለሽ። ረዘም ስለሚል በአንዴ ካልጨረስሽው ማታ ማታ ስታርፊ አንብቢው።

በመጀመሪያ በጣም ደስ ብሎኛል፤ እናትሽም እንደዛው። አንዳንድ ዘመድ «ሴት ልጅ ሳይክል ይዛ ተራራ ለተራራ ምን ታደርጋለች» ሲል ሰምተሻል፤ ሰምተሽም ዝም ብለሻል። እኛ ቤት ይሄ ጥያቄ አይነሳም። ሳይክል ለእኛ አዲስ ነገርም አይደለም። ኢትዮጵያ በፈረንጆቹ 1956 ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትገባ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ይዛ ነው የሄደችው። ጽጋቡ ግርማይ ከመቀሌ ተነስቶ በፈረንጆቹ 2016 ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። የአስመራው ቢንያም ግርማይ በ2024 እዚያው ቱር ላይ ሦስት የቀን ውድድር አሸንፎ አረንጓዴውን ማሊያ ሲወስድ ሶፋው ላይ ቆመሽ እንደጮህሽ አስታውሳለሁ። ከሁሉም በላይ ግን አንቺ የወደድሽው እየሩ ገብሩን ነው፤ ከአገሯ ወጥታ፣ በፓሪስ ኦሎምፒክ በስደተኞች ቡድን ማሊያ የተወዳደረችውን። «ስሟ እንደኛ ነው» ያልሽኝ ቀን ይሄ ነገር ከልብሽ እንደሆነ ገባኝ።

ስለዚህ መሄድሽ አያሳስበኝም። ዳገቱም አያሳስበኝም። እግር አለሽ። ሉክአውት ማውንቴንን ስትወጪ ከኋላ በመኪና ተከትዬ አይቼሻለሁ፤ ትከሻሽ እንኳን አይነቃነቅም። እኔን የሚያሳስበኝ ቁልቁለቱና ይሉኝታሽ ነው። ለሁለቱም የምጠይቅሽ አንድ ነገር ነው፦ ሁሉንም ቀደም ብለሽ አድርጊው። ፍሬኑን ኩርባው ውስጥ ሳትገቢ፣ ውሃውን ሳይጠማሽ፣ «አሞኛል» የሚለውን ቃል ደግሞ ሳይብስብሽ።

ከከፍታው ልጀምር። እኛ ያለንባት የኮሎራዶዋ ኦሮራ ከባሕር ወለል በላይ 1650 ሜትር ገደማ ነው። ሊድቪል ወደ 3100 ሜትር ይጠጋል፤ እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የሚቀረው። አየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ የትም ቦታ ያው 21 ከመቶ ገደማ ነው፤ ግፊቱ ግን ስለሚቀንስ እዚያ ላይ በአንድ ትንፋሽ የምታገኚው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ከሚገኘው 70 ከመቶ ያህሉን ብቻ ነው። አንዳንዱ «ሐበሻ ናት፣ ከፍታ ምኗ ነው» ይልሻል። አትስሚው። እኔ ደብረ ብርሃን 2800 ሜትር ላይ ነው ያደግኩት፤ አንቺ ያደግሽው ግን ኦሮራ ነው፣ ሰውነት ደግሞ የሚለምደው የሚኖርበትን አየር ነው። እኔ ራሴ አሁን ብወጣ እንዳንቺው አለከልካለሁ።

ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቀናት ቀስ በይ። እየነዳሽ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ማውራት ካቃተሽ ፈጥነሻል ማለት ነው፤ ቀንሺ። ሌሎቹ ጥለውሽ ቢሄዱ ይሂዱ። ማታ እንቅልፍ ይቆራረጥብሻል፣ ሌሊት ድንገት አየር ያጠረሽ መስሎሽ ልትነቂ ትችያለሽ። ይሄ ብዙ ሰው ላይ ይደርሳል፣ አትደንግጪ። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ አንድ ላይ ከመጡ ግን ለአሰልጣኝሽ ወዲያውኑ ንገሪያቸው፤ እስኪለቅሽ ድረስ ከዚያ በላይ አትውጪ። ተቀምጠሽም ትንፋሽ ካጠረሽ ወይም ስትራመጂ ከተንገዳገድሽ ደግሞ ነገ ያዩኛል ብለሽ አትደሪ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ታች መውረድ አለብሽ፣ ሌሊትም ቢሆን። እኔ ስልኬን ከራስጌዬ አላርቅም።

እዚህ ላይ ነው ይሉኝታሽ የሚያሰጋኝ። አውቅሻለሁ። «እንዴት ነሽ» ስትባይ «ደህና ነኝ» ማለት ይቀናሻል። ሰው እንዳይቸገር፣ ቡድኑ በአንቺ ምክንያት እንዳይቆም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ «አባባ ይሄን ያህል ከፍሎ» እያልሽ ሕመምሽን ትውጫለሽ። ልጄ፣ ገንዘቡን እርሺው። ተከፍሏል፣ አልቋል። በሁለተኛው ቀን አሞሽ ብትደውዪልኝ መጥቼ እወስድሻለሁ፤ መንገዱ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፣ ያን ያህል ቤት ድረስ ስለ ክፍያው አንድ ቃል አልናገርም። የራስ ምታት ኪኒን ውጦ ዝም ማለትን ግን ከአንቺ አልፈልግም። ከአሰልጣኝሽ ጋር በስልክ ተነጋግረናል፤ ቀጥተኛ ሰው ናቸው፣ «ዝም የሚል ልጅ ነው የሚያስፈራኝ» ብለውኛል። በጣም ወደድኳቸው።

አሁን ወደ ቁልቁለቱ። ይሄንን ቀስ ብለሽ አንብቢልኝ፤ እኔ በደንብ የማውቀው ነገር ይሄ ነው።

ጣርማ በርን በፎቶ ነው የምታውቂው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ስትሄጂ ደብረ ብርሃንን ካለፍሽ በኋላ ሜዳው ያልቅና ጣሊያን የሰራው ዋሻ ጋ ትደርሻለሽ፤ ከ3000 ሜትር በላይ ነው። በዚህኛው በኩል በፀሐይ ገብተሽ በወዲያኛው በኩል ጉም ውስጥ መውጣት የተለመደ ነው። ከዚያ በኋላ እስከ ደብረ ሲና፣ ከደብረ ሲናም እስከ ሸዋ ሮቢት ቆላ ድረስ መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ ብርድ ላይ ጋቢ የለበሰ ሰው ታች ሲደርስ ሸሚዙን ይፈታል። እኔ በዚያ መንገድ ጭነት ይዤ ስመላለስ የኖርኩ ሰው ነኝ። በልጅነቴ ኤንትሬ በሚባለው የጭነት መኪና ላይ ረዳት ሆኜ ነው የጀመርኩት። ሾፌሩ ትልቅ ሰው ነበሩ፣ ብዙ አያወሩም። ዋሻው ጋ ስንደርስ ሁልጊዜ መኪናውን ያቆማሉ፣ ይወርዳሉ፣ ጎማውን በእጃቸው እየነኩ ይዞራሉ፣ ገመዱን ያያሉ። ከዚያ ከባድ ማርሽ አስገብተው ነው የሚወርዱት። «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» ይሉኝ ነበር። ነዳጅ ለመቆጠብ ብለው ማርሽ አውጥተው በፎሌ የሚለቁም ነበሩ። ያኔ ፍሬን ይግላል፣ የተቃጠለ ሽታ ያመጣል፣ ከዚያ ብትረግጪውም አይዝም። ገደሉ ውስጥ የወደቁ መኪኖች ከላይ ሆነሽ ይታዩሻል። የሰዎቹን ስም ሾፌሩ ያውቃሉ፤ በዚያ ባለፍን ቁጥር ያማትባሉ።

የአንቺ ሳይክል ሞተር ስለሌለው በማርሽ አይያዝም። ያሉሽ ሁለት ፍሬኖች ብቻ ናቸው። ስለዚህ ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን ከላይ እስከ ታች ለስለስ አድርገሽ ይዘሽው አትውረጂ፤ ሳያርፍ ይግላል። ጠበቅ አድርገሽ ያዢ፣ ፍጥነቱ ሲበርድ ልቀቂ፣ እንደገና ያዢ። የፊተኛው ፍሬን ብዙውን ሥራ ይሰራል፣ አትፍሪው፤ ግን ኩርባ ውስጥ ጠጠር ላይ በድንገት ከያዝሽው የፊት ጎማው ይሸሽና ትወድቂያለሽ። ስለዚህ ፍጥነትሽን ቀጥታው መንገድ ላይ እያለሽ ጨርሺው። ኩርባው ውስጥ ስትገቢ እጅሽ ሥራውን የጨረሰ ይሁን። ለፍሬን አንድ ጣት ይበቃል፣ የቀሩት መሪውን ይያዙ። ወንበሩን ዝቅ አድርጊ፣ ሁለቱን ፔዳል እኩል አድርገሽ ቁሚ፣ ክብደትሽን ወደ ኋላ ሳቢ። ዓይንሽ ደግሞ ከጎማሽ ስር ያለውን ድንጋይ አይይ፤ ራቅ አድርገሽ የምትሄጂበትን ተመልከቺ። ሰው ያየበት ነው የሚሄደው፣ መኪናም ሳይክልም ላይ እንዲሁ ነው።

የፍሬኑ ዲስክ ሲግል ይጮኻል፣ ቀለሙም ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። እንደዛ ካየሽ ወይም የፍሬኑ እጀታ ከወትሮው ርቆ ከገባብሽ፣ ዳር ይዘሽ ቁሚ፣ ይብረድ። በእጅሽ እንዳትነኪው፣ በጣም ያቃጥላል። ውሃም አትድፊበት፣ ይጣመማል። ሌሎቹ ቢያልፉሽ «ፍሬን እያበረድኩ ነው» በይ፤ የሚያውቅ ሰው ያከብርሻል።

ረቡዕ ማታ ጋራዥ ውስጥ አብረን የቀየርነው የፊቱ ፍሬን ሸራ ገና ነው። አዲስ ሸራ እንደ አዲስ ምጣድ መሟሸት ይፈልጋል። እሁድ ጠዋት ተራራ ከመውጣትሽ በፊት ሜዳ ላይ ፈጠን እያልሽ፣ ሙሉ በሙሉ ሳትቆሚ ጠበቅ አድርገሽ ያዢና ልቀቂው፤ ደጋግሚው። መጀመሪያ ላይ ደካማ ነው፣ ቀስ እያለ ሲነክስ ይሰማሻል። ያ እስኪሰማሽ ድረስ ቁልቁለት አትግቢ።

በየቀኑ ጠዋት ደግሞ ሳይክሉን እዪው። የጎማውን ንፋስ፣ የጎማውን ማሰሪያ ብሎን፣ ፍሬኑን፣ ሰንሰለቱን፣ የሄልሜትሽን ማሰሪያ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ጓደኞችሽ «ነይ፣ እንሂድ» ቢሉሽም ጨርሰሽ ነው የምትሄጂው።

ሰማዩንም እዪው። የኮሎራዶን ሐምሌ ታውቂዋለሽ፤ ጠዋት ጠራ ብሎ ይጀምርና ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ይመጣል። ዛፍ የሌለበት ገላጣ ተራራ ላይ ሆኖ መብረቅ መጠበቅ አይሆንም። ለዚህ ነው ጎህ ሲቀድ የሚያስነሱሽ፤ አታጉረምርሚ። ከቀትር በፊት ከገላጣው ወርዶ ዛፉ ውስጥ መግባት ነው። ጫፉ ሃምሳ ሜትር ቀርቶሽም ቢሆን አሰልጣኝሽ ተመለሱ ካሉ ተመለሺ። ጫፉ የትም አይሄድም።

ስለ ምግብ እናትሽ ብዙ ነግራሻለች፣ እኔ ጥቂት ልጨምር። ኮርቻ ላይ ሆነሽ እስኪርብሽ አትጠብቂ፤ ረጅም መንገድ ላይ በየግማሽ ሰዓቱ አንድ ነገር ጉረሺ። ከፍታ ላይ የምግብ ፍላጎት ይጠፋል፣ ሰውነት ግን የበለጠ ይፈልጋል። በሶውን በትንንሽ ከረጢት ከፋፍላልሻለች፤ በውሃና በማር በጥብጠሽ ጠርሙስሽ ውስጥ ጨምሪው፣ ጨው ቆንጠር አድርጊበት። ጭኮውንና ቆሎውንም ኪስሽ ውስጥ ያዢ። ደብረ ሲና ላይ ሴቶች በመስኮት የሚያቀብሉን ቆሎ ስንቱን ሾፌር ደሴ አድርሶታል። ጓደኞችሽ ምንድነው ካሉሽ አቅምሻቸው።

ጾሙን ጠይቀሽኝ ነበር። የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 ይፈታል፣ ፍልሰታ የሚገባው ነሐሴ 1 ነው፤ ካምፑ መሃሉ ላይ ስለሚውል ረቡዕና ዓርብ ብቻ ነው የሚያገኝሽ። የጾም ምግብ እንዲያዘጋጁልሽ ነግሬያቸዋለሁ፣ ባቄላና ሩዝ፣ ለውዝም አላቸው። ሰዓት መጠበቁን ግን የንስሐ አባታችንን ጠይቄያቸው ነበር። «ተራራ ላይ ባዶ ሆድ አትሁን፣ ጠዋት ትብላ፣ ከሥጋና ከወተት ትከልከል ይበቃታል፣ ስትመለስ እናወራለን» ብለዋል። ስለዚህ ሕሊናሽን አታስጨንቂ።

አንድ ቀን ሊድቪል 100ን እወዳደራለሁ ብለሻል። ከፈረንጆቹ 1994 ጀምሮ ነሐሴ አካባቢ የሚካሄድ፣ 160 ኪሎ ሜትር የሚያህል፣ ወደ 3800 ሜትር ድረስ የሚወጣ ውድድር ነው፤ በ12 ሰዓት ውስጥ የጨረሰ የቀበቶ ዘለበት ያገኛል። ከ9 ሰዓት በታች የገባ ትልቁን የቀበቶ ዘለበት ይወስዳል። ይሄ ሕልም ትልቅ ነው ብዬ አላስቀርሽም። በዚህ ካምፕ ግን ማንንም ማሸነፍ የለብሽም። ከአንቺ የሚሻሉ ልጆች ይኖራሉ፣ በተለይ ቁልቁለት ላይ፤ እዚያው ተራራ ስር ያደጉ ናቸው። ከኋላቸው ርቀት ጠብቀሽ ሂጂ፤ የት ላይ ፍሬን እንደሚይዙ፣ ኩርባውን በየትኛው በኩል እንደሚገቡ እዪ። ጠይቂያቸው። መጠየቅ አንቺ ላይ ያምራል፤ ቤት ውስጥ እኔንም ስንት ነገር አስጠንተሽኛል። ቁልቁለት በደንብ መውረድ ተምረሽ ከመጣሽ ለእኔ ካምፑ ያለቀው እዚያ ነው፤ ዳገቱን በየሳምንቱ እዚሁ እንሰራዋለን።

ብትወድቂም አትደብቂኝ። መላላጥ ይኖራል፣ ሳይክል ነው። ጭንቅላትሽ ከተመታ ግን ምንም ባይሰማሽ እንኳን በዚያ ቀን ደግመሽ አትንጂ፣ የተመታውንም ሄልሜት ደግመሽ አታድርጊው፤ ከውጭ ደህና ቢመስልም ውስጡ ይሰነጠቃል። ሌላ እገዛልሻለሁ።

የቀረውን ልጨርስ። የቦርሳሽ የጎን ኪስ ውስጥ ትርፍ ካላመዳሪ፣ ትንሿ ፓምፕና የመፍቻው ስብስብ አለ። ወፍራሙን ጓንት ጠዋት ጠዋት አድርጊ፣ በሐምሌም ቢሆን እዚያ ላይ ሲነጋ ጣት ይደነዝዛል፤ የደነዘዘ ጣት ደግሞ ፍሬን አይዝም። ከንፈርሽን ቀቢ፣ ፀሐዩ ከዚህ ይበረታል። ወደ ከተማ ስትወርዱና ኔትወርክ ስታገኚ መጀመሪያ ለእናትሽ ደውዪላት፤ አትተኛም። ለእኔ ቴክስት ይበቃኛል፣ ግን ፍሬኑ እንዴት እንደነከሰ ጻፊልኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከቀትር በፊት በር ላይ ነኝ።

የሚወድሽ አባትሽ