ከአሰብ ያመጣነው ዛጎል

ጤና ይስጥልኝ የዝግጅት ክፍል፣ ሰሞኑን ስለ ወደብ የማይወራበት ቀን የለም፣ እኔ ግን የምጽፍላችሁ ስለ ፖለቲካው ሳይሆን ስለ ዛጎል ነው።

ያደግኩት ደብረ ሲና ነው፣ አባዬ የኤንትሬ ጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ያኔ የአሰብ መንገድ በኛ ከተማ ነበር እኮ የሚያልፈው፣ ጣርማበርን የወረደ ተሳቢ ሁሉ እኛ ጋ ቆሞ ፍሬኑን ሳያበርድ አይሄድም። በ1976 ዓ.ም. የጥር እረፍት ላይ እኔንና እማዬን ጭኖን ወረደ፣ ጋቢያችንን ሸዋሮቢት ላይ አወለቅን፣ ከዛ ኮምቦልቻ፣ ባቲ፣ ሚሌ ምናምን እያልን አሰብ ስንደርስ ነጠላም ከበደን።

ዛጎል የሚለቀመው ባህሩ ወደ ኋላ ሲሸሽ ነው። ድንጋዩ እግር ስለሚቆርጥ ኮንጎ ጫማ አድርገን እንገባለን፣ እማዬ ቀሚሷን ሰብስባ ልክ ሽንብራ እሸት እንደምትለቅም ጎንበስ ብላ ነጠላዋ ላይ ትከምራለች፣ እንደዛ ቀን ስትስቅ አይቻት አላውቅም። እኔ ሾጠጥ ያለ፣ መረብ የመሰለ ጥለት ያለው በጣም የሚያምር አግኝቼ ላነሳ ስል አንድ የአፋር ዓሣ አጥማጅ እጄን መታኝ፣ ለካ እሱ በህይወት እያለ ይወጋል፣ መርዝ አለው።

በላችሁት ወይ እንዳትሉኝ፣ ክንፍና ቅርፊት የሌለው የባህር ነገር በኛ ቤት አይቀመስም። ውስጡ ያለው እንስሳ እንዲበሰብስ አሸዋ ውስጥ መቅበር ነበረብን፣ እኛ ግን ቸኩለን ጋቢና ውስጥ አስገባነውና እስከ ደብረ ሲና ድረስ ሽታው ፈጀን። አያቴ ገና ስታየው አማተበች፣ ይሄማ የጠንቋይ ዕቃ ነው ብላ ከቤት አስወጣችው፣ እማዬ አጥባ አገልግሉ ዙሪያ እስክትሰፋው ድረስ አልታረቀችውም።

በ1990 ጦርነቱ መጣ፣ መንገዱ ተዘጋ፣ አባዬም አረፈ። አዘጋጆች፣ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፣ የአሰብ መስመር ሹፌሮችና ሚስቶቻቸው ደብረ ሲናም ሸዋሮቢትም ደብረ ብርሃንም አሁንም አሉ ግን እያለቁ ነው፣ ስለ ባህሩ እነሱ የሚያውቁትን ማንም ጠይቋቸው አያውቅም፣ እባካችሁ አንድ ገጽ ስጧቸው። እማዬ 78 ዓመቷ ነው፣ አገልግሉ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፣ 17 ዛጎል ቀርቶታል፣ የቱን የት እንዳነሳችው ትነግራችኋለች።

አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ሲና