ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል?

የኔ ውድ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ልጅ ሆነን ደብዳቤ ስንጽፍ ቀጥሎ የምትመጣው «እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደህና ነኝ» ነበረች። ሁለት ዓመት የጠፋሁብሽ በእሷ የተነሳ ነው። ስንቴ ጀምሬ እዚያች ላይ ስደርስ ተውኩት። ውሸቱን መጻፍ አስጠላኝ፤ እውነቱን ማውራት ደግሞ ሰለቸኝ።

ከግራ ጉንጬ ነው የጀመረኝ። ከዓይኔ ሥር ተነስቶ እስከ ላይኛው መንጋጋዬ ይጠዘጥዘኛል። ጥርስ ነው ብዬ ሄድኩ፤ ነቀሉልኝ። ለካ ጤነኛ ጥርስ ነበር! ሕመሙ እንዳለ ቀጠለ። እናቴ «ምች ነው» ብላ ዳማከሴ አሽታ አጠጣችኝ፣ ፊቴንም ቀባችኝ። ሽታው ደስ ይላል፤ ሕመሙ ግን ንቅንቅ አላለም። ከዚያማ ሻሼን ግንባሬ ላይ ጥፍር አድርጌ አስሬ ማደር ሆነ። ማደር ስልሽ መተኛት እንዳይመስልሽ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዓይኔ ፍጥጥ ይላል፣ ልቤ ቤት ውስጥ ሌባ የገባ ይመስል ይደልቃል።

በስንት ውትወታ የነርቭ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ስለ ጥርሴ ሳይሆን መጀመሪያ ስለ እንቅልፌ ጠየቁኝ። እኔ የፊት፣ የራስና የእንቅልፍ ብዬ ሦስት በሽታ ይዤ ነበር የገባሁት። እሳቸው ማይግሬን የሚባለው የራስ ምታት በሽታ ነው አሉና ወረቀት ላይ አንጎል ሣሉልኝ፤ አንጎል ወደ አከርካሪ የሚወርድበት ግንድ ላይ በግራና በቀኝ አንዳንድ ነጥብ አደረጉ። ሎከስ ሴሩልየስ ትባላለች፤ በላቲን «ሰማያዊ ቦታ» ማለት ነው። ሕዋሳቷ በአስር ሺዎች ቢቆጠሩ ነው። ግን ለአንጎል ኖርአድሬናሊን የሚባለውን የሚያነቃ ኬሚካል የምታድለው በዋናነት እሷ ናት። ነቅተን ሳለን ትሠራለች፣ እንቅልፍ ሲወስደን ትቀዘቅዛለች፣ ሕልም በምናይበት እንቅልፍ ጭራሽ ዝም ትላለች።

ትራይጀሚናል የሚባለው የፊት ነርቭ ደግሞ የግንባርን፣ የጉንጭንና የመንጋጋን ስሜት ያመላልሳል፤ የአንጎልን ሽፋን ሕመም ጭምር። ሁሉም የሚገባው እዚያው ግንዱ አካባቢ ነው። ለዚህ ነው የራሴ ነገር ጥርሴ ላይ የጮኸው። ከሰማያዊዋ ቦታ የሚወርደው ኖርአድሬናሊን እዚያ የነርቩ መግቢያ ላይ ሕመሙን ዝቅ ያደርገዋል። በአይጦች ላይ እንደታየው ግን ከዚያችው ቦታ ወደ ፊተኛው አንጎል የሚሄደው መስመር ሕመሙን ይበልጥ መራራ ያደርገዋል። የምታስታግስም እሷ፣ የምታብስም እሷ! እኔ ቤት ያለችው ሠራተኛ እንደዚህ ብትሆን አላቆያትም ነበር።

አሚትሪፕቲሊን አዘዙልኝ፣ 10 ሚሊግራም፣ ማታ ማታ። ቤት ገብቼ ሳነብ የድብርት መድኃኒት ነው። ደሜ ፈላ። «አብደሻል ማለታቸው ነው?» ብዬ ደወልኩላቸው። ሳቁብኝ። ለድብርት የሚሰጠው ከዚህ እጅግ የበለጠ ነው አሉኝ። መድኃኒቱ ኖርአድሬናሊን ተለቅቆ ወዲያው ተመልሶ እንዳይሰበሰብ ያግዳል፤ የሚያስተኛው ደግሞ ሂስታሚን የሚባለውን ሌላ አንቂ ኬሚካል ስለሚዘጋ ነው። አፌ ክርር ብሎ ይደርቃል፣ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ጠዋት ጠዋት ድንዝዝ ብዬ ነው የምነሳው። ደግሞ የሚሠራው ቀስ ብሎ ነው፤ ሁለት ጊዜ ልተወው ነበር።

የማስታገሻ ክኒኑንም ቀነሱብኝ። በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ለወራት ከተወሰደ ራሱ ራስ ምታት ሊያመጣ ይችላል፤ እኔ እንደ ከረሜላ ነበር የምቅመው። ከሰዓት በኋላ ቡናም ቀረ። ካፌይን ያችኑ ሰማያዊ ቦታ ይቀሰቅሳታል አሉ። እስቲ ለእናቴ በረካ ሳልጠጣ መነሳቴን አንቺ አስረጃት! በቀደም ስኒውን እጄ ላይ አስቀምጣ ዝም ብላ አየችኝ። እኔም ጠጣሁት። ሌሊቱን ኮርኒስ ስቆጥር አደርኩ።

አሁን ተሽሎኛል። በወር ሃያ ቀን የነበረው አምስት ስድስት ቀን ሆኗል። ለዚህ ነው መጻፍ የቻልኩት። የተነቀለው ጥርስ ቦታ ላይ ግን ምላሴ አሁንም ይሄድና ይናደዳል።

የመጨረሻው መልእክትሽ ላይ የማታ ሥራ ጀመርኩ፣ ጠዋት ስገባ ራሴን ይፈልጠኛል ብለሽ ነበር። አልመለስኩልሽም። አሁንም ማታ ነው የምትሠሪው? ቀን ስትተኚስ መጋረጃ ትዘጊያለሽ? ስንት ሰዓት እንደምትተኚ ቁጥሩን ጻፊልኝ፤ «ደህና ነኝ» እንዳትዪኝ።

ጥርሰ ጎደሎዋ እህትሽ