የቀላሁት ተቀብቼ አይደለም

ውዴ፣

ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼብሽ ዛሬ በምን አፌ «እንደምን ከረምሽ» እንደምልሽ አላውቅም። ትዝ ይልሽ እንደሆነ፣ ለመጨረሻ ጊዜ በቪዲዮ ስናወራ ገና ፊቴን እንዳየሽ «አንቺ! ምን ተቀብተሽ ነው እንዲህ የቀላሽው?» ብለሽ ሳቅሽ። እኔም አብሬሽ ሳቅሁ። ከዚያ ወዲህ ስልክሽ ሲጠራ ማንሳት አቃተኝ።

ምንም አልተቀባሁም። ያኔ የደም ካንሰር እንዳለብኝ ካወቅሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር፤ ክሮኒክ ማይሎይድ የሚሉት፣ ቀስ ብሎ የሚሄደው ዓይነት። በየቀኑ 400 ሚሊግራም ኢማቲኒብ እውጣለሁ፣ ከምግብ ጋር፣ በትልቅ ብርጭቆ ውሃ። እ.ኤ.አ. በ2001 ይህ መድኃኒት ከመፈቀዱ በፊት ብታመም ኖሮ ይሄን ደብዳቤ ላልጽፍልሽ እችል ነበር፤ እና ላማው አልደፍርም። ቆዳዬን ግን እንደፈለገ አደረገው።

የቆዳ ሐኪሟ እንዳስረዳችኝ፣ ክኒኑ ካንሰሩን የሚነዳውን ፕሮቲን ሲዘጋ ኪት የሚባለውንም አብሮ ይነካዋል። ለቆዳ ቀለም የሚሰጡት ሴሎች ደግሞ ያለ ኪት አይሆንላቸውም። እንደኔ ጠየም ባለ ሰው ላይ ጎልቶ ይታያል። ድሮ ቀለበቴን ሳወልቅ ከሥሩ ነጣ ያለ መስመር ነበር አይደል? አሁን ብፈልገው የለም፤ ጣቴ በሙሉ እሱን መስሏል። የመታወቂያዬን ፎቶ የሚያይ ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ደግሞ ያየኛል።

መቅላቱ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ቆዳዬ ሳስቶ የቦርሳዬ ማንገቻ ትከሻዬ ላይ ካረፈ ይበልዛል። ፀሐይም ድሮ የማታውቀኝ ዛሬ ታቃጥለኛለች፤ ያለ መከላከያ ቅባት አልወጣም። (ይኸውልሽ፣ ለካ እቀባለሁ!)

ለአንቺ ብቻ የምነግርሽ አለኝ። የካንሰር ሐኪሜ «መድኃኒቱ ሲቀነስ ወይም ሲቆም ቀለሙ ብዙ ጊዜ ይመለሳል» ሲል ሰማሁና፣ «በራስሽ ግን እንዳታቆሚ» ያለውን እንዳልሰማ ሆንኩ። የእህቴ ሠርግ ደርሶ ነበር፤ በፎቶው ላይ እኔን እንድመስል ፈለግሁ። ሦስት ሳምንት አቋረጥኩ። ፊቴ እንዳለ ቀረ፣ የደም ምርመራው ቁጥር ግን ከፍ ብሎ መጣ። ሐኪሙ አልተቆጣኝም፤ ወረቀቱን ወደኔ አዙሮ ቁጥሩ ላይ ጣቱን አሳርፎ ዝም አለ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። በማግስቱ ጀመርኩ፤ አሁን ቁጥሩ ወርዷል።

ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፤ ሳትነገሪ ከየት ታውቂው? በይ ደውዪልኝ፣ በቪዲዮ። ጠዋት ብቻ አይሁን፤ ከዚሁ ክኒን የተነሳ ዓይኔ አብጦ ሌሊቱን ስታለቅስ ያደረች ነው የምመስለው፣ እስከ አራት ሰዓት አይጎድልልኝም።

ያቺው ጠይሟ ጓደኛሽ